ከቆዳ ሥር ያለ ሲስት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምሠራው ባሕር ዳር ነው፤ ቁስል የሚታጠብበትና ስፌት የሚፈታበት ክፍል ውስጥ። ሰው ለሌላ ጉዳይ ይመጣና ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ዞር ብሎ «እግረ መንገዴን፣ እስቲ ይቺን ነገር እያት» ይላል። ኮሌታውን ገለጥ ወይ ፀጉሩን ከፈል ያደርጋል። ብዙውን ጊዜ የማየው ሲስት ነው። ሲስት በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። ሰውን አቁስሎ ወደ እኛ ክፍል የሚልከው የራሱ ጣት ነው። ከታች የምላችሁም ባጭሩ ይኸው ነው፦ መጀመሪያ ሲስት መሆኑን አረጋግጡ፤ ከዚያ እጃችሁን ሰብስቡ።

ሲስት ምንድን ነው? ውስጡስ ምን አለ?

ከቆዳ ሥር ያለ ትንሽ ከረጢት ነው። ብዙውን ጊዜ የሚነሳው ፀጉር ከሚበቅልባት ቀዳዳ ነው። ቀዳዳዋ ስትደፈን ወይም ስትጎዳ የላይኛው ቆዳ ወደ ውስጥ ይገባና እዚያው ይቋጠራል። ቆዳ ደግሞ የትም ቢሆን ሥራውን አይተውም። ያረጀውን እያራገፈ አዲስ ይተካል። ውጭ ያለው ቆዳ የሚያራግፈው በውሃና በልብስ ይሄዳል። የከረጢቱ ግን መውጫ የለውም። ስለዚህ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት፣ ውስጥ ውስጡን ይጠራቀማል።

የሚጠራቀመው ነገር ኬራቲን ይባላል፤ ጥፍርና ፀጉር የሚሠሩበት ፕሮቲን ነው። ሰው «ስብ ነው» ይላል፤ ስብ አይደለም። ሲወጣ እንደ አይብ ነጣ ብሎ ለስለስ ያለ ነው፤ ሽታው ግን ከባድ ነው። «በስብሶብኛል ማለት ነው?» ብለው የሚደነግጡ አሉ። አልበሰበሰም። ተዘግቶ የቆየ የሞተ ቆዳ ሽታው እንዲያ ነው።

በምን አውቀዋለሁ?

በሁለት ጣት ያዝ አድርጉት። ክብ ነው፤ ዳርና ዳሩ ይታወቃል። ከላዩ ካለው ቆዳ ጋር አብሮ ይንቀሳቀሳል እንጂ ከሥሩ ካለው ሥጋ ወይም አጥንት ጋር አልተጣበቀም። ካልተነካካ አያምም። የሚያድገውም ቀስ ብሎ ነው። ብርሃን ላይ ቀረብ ብላችሁ ብታዩት ብዙ ጊዜ መሃሉ ላይ አንዲት ጥቁር ነጥብ ታያላችሁ። የተደፈነችው ቀዳዳ አፍ ናት። ያቺ ነጥብ ካለች ነገሩ ሲስት ለመሆኑ ጥሩ ምልክት ናት።

ፊት፣ ከጆሮ ጀርባ፣ አንገት፣ ደረት፣ ጀርባ ላይ ይበዛል። የወንድ የዘር ፍሬ ከረጢት ቆዳ ላይም ይወጣል፤ ይህን ብዙዎች አፍረው ዓመት ሙሉ ይደብቁታል። ቆዳው ላይ ያለና ከነቆዳው የሚነሳ ከሆነ ብዙ ጊዜ ሲስት ነው። ፍሬው ራሱ ላይ ጠጣር ነገር ከተገኘ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ቶሎ መታየት አለበት።

ራስ ላይ የሚወጣው የዚሁ ዘመድ ነው። ጠንከር ይላል፣ ጥቁሯ ነጥብ የለችውም፣ ከአንድ በላይ ሆኖ መውጣት ይወዳል፣ በዘርም ይሄዳል። አባትና ልጅ አንድ ቦታ ላይ ይዘውት ቢመጡ አይግረማችሁ።

ከሲስት ጋር የሚምታታ ሌላም አለ፤ ሊፖማ ይባላል። እውነተኛው የስብ እጢ እሱ ነው። ጠለቅ ብሎ የተቀመጠ፣ ለስላሳ፣ ስትጫኑት ከጣት ሥር ሸርተት የሚል ነው። እሱም አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የለውም።

ካንሰር ይሆን?

እጅግ አልፎ አልፎ ካልሆነ በቀር ሲስት ወደ ካንሰር አይለወጥም። የሚያሳስበው ሌላ ዓይነት እብጠት ነው፦ በሳምንታት ውስጥ እየገፋ የሚያድግ፣ ድንጋይ የመሰለ፣ ሲገፉት ንቅንቅ የማይል፣ ላዩ ቆስሎ የማይድን ወይም የሚደማ። ከ5 ሳንቲ ሜትር በላይ የሆነ እብጠትም ምንም ባያምም በሐኪም ይታይ። ጡት ላይ የተገኘ ማንኛውም እብጠት በቤት ግምት አይታለፍም። ይህን ለወንዶችም ጭምር ነው የምለው።

አንገቴ ላይ ነው የወጣው። እሱም ሲስት ነው?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። አንገት ላይ ስንት ነገር ያብጣል መሰላችሁ።

ከፊት በኩል፣ ከጉሮሮ በታች መሃል ላይ ከሆነ መስታወት ፊት ቁሙና ውሃ ጉንጭ አድርጋችሁ ዋጡ። ስትውጡ አብሮ ወደ ላይ ከፍ ብሎ ከተመለሰ እንቅርት ሊሆን ይችላል። በደጋው አገራችን እንቅርት የተለመደ ነው፤ አንዱ ምክንያት የአዮዲን እጥረት ነው። የቆዳ ሲስት በመዋጥ አይነሳም።

ከጎን በኩል፣ ከመንጋጋ በታች ወይም ከማጅራት አጠገብ ከሆነ ንፍፊት ሊሆን ይችላል። ጥርስ ሲያመረቅዝ፣ ቶንሲል ሲነሳ፣ ልጆች ራሳቸው ላይ ቁስል ሲወጣባቸው ንፍፊት ያብጣል። ያመጣው ነገር ሲድን እሱም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይቀንሳል።

ካልቀነሰስ? አሁን ወደ ዋናው መጣን። አንገት ላይ ያለ ንፍፊት ሳምንታት ቆይቶ እየጨመረ ከሄደ፣ አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ ሦስት እየሆነ እርስ በርሱ ከተያያዘ፣ በተለይ ማታ ማታ የሚያልብ፣ ክብደት የሚቀንስ ወይም የሚያተኩስ ከሆነ የቲቢ ምርመራ ያስፈልገዋል። ቲቢ ሳንባ ላይ ብቻ የሚወጣ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ከሳንባ ውጭ የሚከሰተው ቲቢ ትንሽ አይደለም፤ ከዚያም ውስጥ ንፍፊት ላይ የሚወጣው ይበዛል። ሳል ላይኖረው ይችላል። ላያምም ይችላል። ለዚህ ነው ሰው «የሚያም ነገር ቢሆን ይሄኔ ባመመኝ» ብሎ ቁጭ የሚለው። ቆይቶ ይፈርጥና ወር ከወር የማይደርቅ ቁስል ይሆናል።

ምርመራው ቀላል ነው። በቀጭን መርፌ ከእብጠቱ ናሙና ይወሰዳል። ቲቢ ሆኖ ከተገኘ ሕክምናው በመንግሥት ጤና ተቋም በነፃ ነው፤ ብዙውን ጊዜ 6 ወር ይፈጃል፤ ይድናል። ስለዚህ አንገት ላይ ያለን እብጠት ራሳችሁ «ሲስት ነው» ብላችሁ አትፍረዱ። አንድ ጊዜ ይታይላችሁ።

ልጄ ቅንድቧ ጫፍ ላይ ከተወለደች ጀምሮ አለ። ምን ይሻላል?

ይህ ሌላ ዓይነት ሲስት ሊሆን ይችላል፤ ልጁ በማኅፀን ሲሠራ የሚፈጠር። በተለይ አፍንጫ አናት ላይ ወይም ራስ ላይ መሃል ለመሃል ያለው አንዳንዴ ወደ ውስጥ ዘልቆ የሚሄድ ሥር አለው። አትንኩት፣ ማንም እንዲበጣውም አትፍቀዱ። ሐኪም በሲቲ ስካን ወይም በኤምአርአይ አይቶ ይወስን።

ከምን መጣብኝ? ከምግብ ነው? ይተላለፋል?

አይተላለፍም። ዓሳ በመብላት፣ ጮማ በመቁረጥ፣ ቅቤ በመቀባት የመጣ አይደለም። ምችም አይደለም፤ የሰው ዐይንም አይደለም። የንጽሕና ጉድለትም አይደለም፤ በቀን ሁለቴ የሚታጠብ ሰው ላይም ይወጣል። አንዳንዱ በዘር ይመጣል። አንዳንዱ ቆዳ ከተጎዳ በኋላ ይነሳል፤ ለምሳሌ ጆሮ በተበሳበት ቦታ። ብጉር ክፉኛ የሚያስቸግረው ሰው ላይም ይበዛል። ብዙ ጊዜ ግን ይሄ ነው የሚባል ምክንያት የለውም።

ባፈርጠውስ? ጨምቄ ባወጣው ያልቅ የለም እንዴ?

አያልቅም። ስትጨምቁት የሚወጣው ውስጡ ያለው ነገር ነው። ከረጢቱ እዚያው ነው፤ ከረጢቱ ደግሞ ሥራውን ይቀጥላል። ከወራት በኋላ ተመልሶ ይሞላል።

ይህ ደግሞ ደኅናው መጨረሻ ነው። የከፋው ሌላ ነው። በሁለት አውራ ጣት ስትጫኑት ሁሉም ወደ ላይ አይወጣም። የከረጢቱ ግድግዳ ከሥር ይቀደድና ኬራቲኑ ወደ ሥጋ ይፈሳል። ሰውነት ያንን እንደ ባዕድ ነገር ነው የሚያየው፤ ይቆጣል። ማታ የጨመቃችሁት ጠዋት ቀልቶ፣ ግሎ፣ በእጥፍ አብጦ ታገኙታላችሁ። የጥፍር ሥር ጀርም ከተጨመረበት መግል ይይዛል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ የሚባለው ይኸው ነው።

በመርፌ የሚበሱት አሉ። በምላጭ የሚቀዱት አሉ። አንዳንዱ መርፌውን በክብሪት አቃጥሎ «አፅድቼዋለሁ» ይለኛል። ክብሪት ጥቀርሻ ነው የሚተወው። በሌላ ሰው ደም የተነካ ምላጭ ደግሞ የጉበት ቫይረስም ኤችአይቪም ሊያስተላልፍ ይችላል። ለአንዲት እብጠት ይህን ሁሉ መዘዝ መጥራት ምን ይሉታል?

እሺ፣ ካልነካሁት በየቀኑ ምን ላድርግለት?

ምንም ማለት ይቻላል። ገላችሁን ስትታጠቡ በሳሙናና በውሃ ለቀቅ አድርጋችሁ እጠቡት፤ በሻካራ ነገር አትፈግፍጉት። ከዚያ መፋተጉን ቀንሱለት።

መፋተግ ስል ቀላል ይመስላል፤ ግን ብዙ ሰው የሚጎዳው በዚህ ነው። ማጅራት ላይ ያለ ሲስት ከማተብ ክር ጋር ቀኑን ሙሉ ይፋተጋል። ላብ ሲጨመርበት፣ በተለይ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ሙቀት፣ ክሩ ሥር ያለው ቆዳ ይላጣል። ማተቡን አውልቁ አላልኩም። ክሩን ለስለስ ባለው ቀይሩት፤ ወይም ረዘም አድርጉትና ቋጠሮው ሲስቱ ላይ እንዳያርፍ ወደ ፊት አዙሩት። የሞተር ሄልሜት ራስ ላይ ያለውን ይጫናል። የጀርባ ቦርሳና ሸክም ትከሻ ላይ ያለውን ይፍቀዋል።

ፀጉር ቤት ስትገቡ አስቀድማችሁ ተናገሩ። ማሽኑ ራስ ላይ ያለውን ሲስት አናቱን ላጥ አድርጎት የመጡ ሰዎች አጋጥመውኛል። ሹሩባ የምትሠሩም እንዲሁ፤ ሠሪዋ ጣቷን ወስዳ ቦታውን እንድታውቀው አድርጉ፤ እዚያ ላይ አጥብቃ እንዳትጎትት።

አንድ ነገር ልጨምር። ማስመሪያ አጠገቡ አድርጋችሁ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። በየወሩ ድገሙት። «አድጓል መሰለኝ» ከማለት ፎቶውን አይቶ ማወቅ ይሻላል፤ ሐኪሙንም ይጠቅማል።

ቀልቶ አመመኝ። ቤት ውስጥ ምን ላድርግ?

ንጹሕ ጨርቅ ለብ ባለ ውሃ ንከሩ፣ ጨምቁትና ሲስቱ ላይ አድርጉት። ጨርቁ ሲቀዘቅዝ እንደገና እየነከራችሁ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ያዙት። በቀን ሦስት አራት ጊዜ ድገሙት። ውሃው ክንዳችሁ ላይ ጠብ ስታደርጉት የማያቃጥል ይሁን። የሚፋጅ ውሃ አድርጎ ቆዳውን የቀቀለ ሰው ሁለት በሽታ ይዞ ነው የሚመጣው። ሕመሙ ከጠና ፓራሲታሞል ይበቃል። አይቡፕሮፌንም ይሠራል፤ ግን የጨጓራ ወይም የኩላሊት ችግር ካለባችሁ፣ እርጉዝ ከሆናችሁም፣ ሳትጠይቁ አትውሰዱት።

በሁለት ቀን ውስጥ ካልቀለለው ወይም ከባሰበት ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ፋርማሲ ሄጄ አሞክሳሲሊን ብገዛ አይሻልም?

አይሻልም። የቀላ ሲስት ሁሉ በጀርም የተያዘ አይደለም። ብዙ ጊዜ ቅላቱን ያመጣው ከረጢቱ ፈንድቶ ሥጋው መቆጣቱ ነው፤ አንቲባዮቲክ ደግሞ ለዚህ ምንም አያደርግም። መግል ከያዘ ዋናው መድኃኒት መግሉን በሥርዓቱ ማውጣት ነው። አንቲባዮቲክ የሚታዘዘው ቅላቱ ወደ ዙሪያው ከተስፋፋ፣ ትኩሳት ካለ፣ ወይም ሰውየው ስኳር የመሰለ አቅም የሚያሳጣ በሽታ ካለበት ነው። ያኔም የትኛው መድኃኒት ለስንት ቀን የሚለውን ያዘዘው ሰው ነው የሚያውቀው። ከጎረቤት የተረፈች ሦስት ፍሬ ካፕሱል መዋጥ ጀርሙን ማለማመድ ነው።

የባህል መድኃኒት ላድርግበት? ነጭ ሽንኩርት፣ ቁልቋል…

ነጭ ሽንኩርት ወቅጦ ቆዳ ላይ አስሮ ማደር ያቃጥላል። የምለው ማንገብገቡን ብቻ አይደለም፤ ውሃ ቋጥሮ የሚላጥ እውነተኛ ቃጠሎ ነው። የቁልቋል ወተትም እንዲሁ፤ ዐይን ውስጥ ከገባ ጉዳቱ የከፋ ነው። መተኮስም ሲስቱን አያጠፋም፤ በላዩ ጠባሳ ይጨምርበታል። ዋግምት ከረጢቱን ስቦ አያወጣም።

«እጢ በልቶ የሚጥል» እየተባለ የሚሸጥ ዱቄት አለ። ምን እንዳለበት ማንም አያውቅም። ከሲስቱ ጋር ጤነኛውን ሥጋም ይበላል፤ ጉድጓዱን የምናጥበው እኛ ነን። እዚህ ላይ ቁርጥ ያለ አቋም አለኝ፦ አታድርጉት።

ጠበልስ?

ጠበል መጠመቅና ሐኪም ዘንድ መሄድ አይጣሉም። ስትጠመቁ አትሹት፣ አትጨምቁት። የተከፈተ ቁስል ወይም ያልተፈታ ስፌት ካላችሁ ውሃው እዚያ ቦታ ላይ እንዳይወርድ አድርጉ፤ ዙሪያውን የሚዘጋ ፕላስተር ይረዳል። ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒትም አታቋርጡ።

ራሱ ፈርጦ መፍሰስ ጀመረ። ምን ላድርግ?

አትደንግጡ። እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። የሚወጣውን ይውጣ፤ «ቀሪውን ልጨርሰው» ብላችሁ አትጫኑት። በንጹሕ ውሃና ሳሙና እጠቡት፣ በንጹሕ ጎዝ ሸፍኑት፣ ጎዙ ሲርስ ቀይሩት። አልኮልና የኦክስጅን ውሃ ቁስል ውስጥ አታፍስሱ፤ የሚድነውን ሥጋ ይጎዳሉ። ቡናም አትነስንሱበት። ደም ካለው ንጹሕ ጨርቅ አድርጋችሁ ሳታነሱ 10 ደቂቃ ጥብቅ አድርጋችሁ ያዙት፤ በየደቂቃው እየገለጡ ማየት ደሙን እንደገና ያስነሳዋል።

ከዚያ በቀጣዩ ቀን ይታይላችሁ። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባታችሁ ያለፈበት መሆኑንም ጠይቁ።

ሳላድር መሄድ ያለብኝ መቼ ነው?

ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ። ቅላቱ በሰዓታት ውስጥ እየሰፋ ከሄደ ወይም ቀይ መስመር ከወጣለት፤ ጠይም ቆዳ ላይ ቅላት በደንብ ላይታይ ስለሚችል ሙቀቱንና ጥጥሩን በእጃችሁ መርምሩ። ዐይን አጠገብ ካበጠ። ስኳር ካለባችሁ፣ ኤችአይቪ ካለባችሁ ወይም የሰውነትን መከላከያ የሚያደክም መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ትንሹም ቅላት ቢሆን አታሳድሩት።

ማስወጣት ግዴታ ነው?

አይደለም። የማያምም፣ የማያድግ፣ ሥራ የማያስፈታ ሲስት ዕድሜ ልክ ቢቆይ ጉዳት የለውም። ማስወጣት የሚመከረው በተደጋጋሚ ሲቆጣ፣ ልብስ ወይም ሸክም የሚነካው ቦታ ላይ ሲሆን፣ እያደገ ሲሄድ ወይም ምንነቱ ሲያጠራጥር ነው። «ፊቴ ላይ ሆኖ ያሳፍረኛል» የሚለውም በቂ ምክንያት ነው፤ ማንም ሊስቅባችሁ አይገባም።

የት ልሂድ?

ከጤና ጣቢያ ጀምሩ። ቀላሉን እዚያው ያዩላችኋል፤ ካልሆነ ሪፈር ይጽፉላችኋል። ፊት ላይ፣ ዐይን አጠገብ ወይም አንገት ላይ ያለው ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል ቢላክ ተገቢ ነው። የጤና መድን ደብተር ያላችሁ በተለይ ሪፈር ሳትይዙ በቀጥታ ሆስፒታል አትሂዱ፤ ወጪውን ከኪሳችሁ ልትከፍሉ ትችላላችሁ።

ኦፕሬሽኑ ያማል? ማደር አለብኝ?

ማደር የለም። ተኝታችሁ ቦታው ይጸዳል፤ ማደንዘዣ መርፌ ይወጋችኋል። የሚያመው ያ ነው፤ ማቃጠሉ ብዙ አይቆይም። ከዚያ በኋላ መነካቱና መጎተቱ ይታወቃችኋል እንጂ ሕመም የለም። ካመማችሁ ተናገሩ፤ ይጨመርላችኋል። ጥቁሯን ነጥብ ይዞ ላዩ ይቀደድና ከረጢቱ ከዙሪያው ሥጋ ቀስ ተብሎ ይለቀቃል። ደስ የሚለው ሳይፈነዳ ሙሉውን ሲወጣ ነው፤ ሳህኑ ላይ ክብ ሆኖ ቁጭ ይላል። ብዙ ጊዜ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ባለው ውስጥ ያልቃል። የሚያጠራጥር ነገር ከታየ ናሙናው ወደ ፓቶሎጂ፣ ማለትም ሥጋው ወደሚመረመርበት ላቦራቶሪ፣ ይላካል። ውጤቱን ሳትወስዱ አትቅሩ፤ ስፌቱ ሲፈታ ነገሩ ያለቀ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው።

ከመጀመራቸው በፊት ንገሯቸው፦ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ትወስዱ እንደሆነ፣ ማደንዘዣ አስቸግሯችሁ ያውቅ እንደሆነ፣ እርጉዝ እንደሆናችሁ፣ ጠባሳችሁ የሚያብጥ እንደሆነ።

«ሲረጋጋ ተመለስ» ብለው መለሱኝ። ለምን?

አላጉላሏችሁም። የተቆጣ ሲስት ግድግዳው ይሳሳል፣ ከሥጋው ጋርም ይጣበቃል። በዚያ ሰዓት ሙሉውን ማውጣት ይከብዳል፤ ቁራጭ ይቀራል። መግል ካለው ይከፈትና ይፈሳል፤ ከረጢቱ የሚወጣው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ ቦታው ሲበርድ ነው። ችግሩ፣ ሕመሙ ሲጠፋ ሰው አይመለስም። በዓመቱ ያው ሲስት፣ ያው መግል ይዞ ይመጣል።

ጠባሳዬ ያብጣል። ምን ይሻለኛል?

ኬሎይድ ማለታችሁ ነው። ጥቁር ቆዳ ላይ ይበዛል። ደረት፣ ትከሻ፣ የላይኛው ጀርባ፣ የጆሮ ጫፍና መንጋጋ ዋናዎቹ ቦታዎች ናቸው። እንዲህ ያለ ቆዳ ካላችሁና ሲስቱ ካላስቸገራችሁ፣ እኔ ብሆን ትቼው እኖራለሁ። ትንሽ ክብ እብጠት አስወጥቶ በምትኩ የሚያሳክክ ሰፊ ጠባሳ መያዝ ኪሳራ ነው። ማስወጣት ካለባችሁ ግን አስቀድማችሁ ከቆዳ ሐኪም ጋር ተነጋገሩ፤ ቁስሉ ከዳነ በኋላ ማበጡን የሚቀንስ መርፌ አለ።

ከስፌት በኋላ ጣና ገብቼ ብዋኝስ? ሥራዬም ውሃ ላይ ነው።

ስፌቱ ተፈትቶ ቁስሉ እስኪገጥም ጣና አይገባም። የሐይቅ ውሃ የቧንቧ ውሃ አይደለም፤ ከብቱም ሰዉም ልብሱም እዚያው ነው። (ቢልሃርዚያ እንደሆነ ለመግባት ቁስል አይጠብቅም፤ ጤነኛ ቆዳ ሰንጥቆ ይገባል። እሱ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው።) እንቦጭ ስትነቅሉ የምትውሉ፣ መረብ የምትጎትቱ፣ ታንኳ የምትቀዝፉ ከሐኪሙ የሕመም ፈቃድ ወረቀት ጠይቁ። ቁስሉ ውሃ ባይነካው እንኳ ጀርባና ትከሻ ላይ ያለ ስፌት በመቅዘፍ ይበጠሳል። ጥምቀት ሰሞን ያስወጣችሁም ውሃው ሲረጭ ራቅ ብላችሁ ቁሙ።

ቤት ውስጥ የመጀመሪያዎቹን 24 ሰዓት ደረቅ አድርጉት፤ ከዚያ ስለ ማጠብ የተነገራችሁን ተከተሉ። ስፌት ፊት ላይ ከ5 እስከ 7 ቀን፣ ራስ ላይ ከ7 እስከ 10፣ ጀርባ ላይ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ይፈታል።

ዘጌ ነው የምኖረው። ስፌት ለማስፈታት ብዬ እንደገና ባሕር ዳር ልምጣ?

አያስፈልግም። ቅርባችሁ ያለ ጤና ጣቢያ ይፈታላችኋል። ኦፕሬሽኑ የተሠራበትን ቀንና የስፌቱን ቁጥር በወረቀት አስጽፋችሁ ውጡ። ወረቀቱ ቢጠፋባችሁም እንዲኖራችሁ ፎቶ አንስታችሁ ስልካችሁ ላይ ያዙት። በቤት መቀስ ግን አይፈታም፤ ውስጥ የቀረች ክር ከሳምንታት በኋላ መግል ይዛ ትመጣለች።